ሰው ያልነበረበት የሐምሌ ሥላሴ

ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጎንደር

ጎንደር ከገባሁ አሥራ ሦስት ቀን ሆነኝ።

የተከበሩ መሪጌታ ወልደ ጻድቅ፣ ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ ዓይንዎንም ጉልበትዎንም እንደተውኳቸው ያግኝልኝ። እኔ ደኅና ነኝ። የተቋረጠው የስልክ መስመር እስኪከፈት በደብዳቤ ጻፍልኝ ባሉኝ መሠረት ነው የምጽፈው። ራቤል ድረስ በአውቶቡስ የሚመጣ ሰው ይይዘዋል፤ ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤታችን ያደርስልዎታል።

የክረምት ትምህርቱ ተጀምሯል። አርባ አንድ መምህራን ነን፤ ከግሼ የመጣሁት እኔ ብቻ ነኝ። "ራቤል የት ነው?" ይሉኛል። "ከመሐል ሜዳ ወዲያ" ስላቸው "መሐል ሜዳስ የት ነው?" ይላሉ። አሁን ዝም ብዬ "ከሸዋ" ማለት ጀምሬያለሁ።

የታሪክ አስተማሪያችን አንድ ሥራ ሰጥቶናል። ከከተማው የጥንት ሕንጻዎች ስድስቱን በአካል ሄዶ ማየትና ስለ እያንዳንዱ አራት ገጽ መጻፍ ነው። ከመጽሐፍ የገለበጠ ዜሮ ያገኛል። እርስዎ ቅኔ ሲማሩ ሰባት ዓመት የኖሩበት ከተማ ስለሆነ፣ ያየሁትን ለእርስዎም ልጽፍልዎ አስቤያለሁ። የተሳሳትኩትን ያርሙኛል።

መጀመሪያ ያየሁት ደብረ ብርሃን ሥላሴን ነው። ሐምሌ ሰባት ቀን ረፋድ ላይ ሄድኩ። ከእኔና ከአንድ ሽማግሌ ዘበኛ በቀር ሰው አልነበረም። ጫማዬን አውልቄ ገባሁና ጣሪያው ላይ የተሣሉትን የመላእክት ፊቶች መቁጠር ጀመርኩ። ስልሳ ላይ ስደርስ አንገቴ ደነዘዘና ጠፋብኝ። ሁሉም ወደ አንድ ወገን አያዩም፤ አንዱ ግራውን፣ አንዱ ቀኙን ያያል። ዘበኛው ቶሎ ውጣ ስላለኝ ግድግዳውን በደንብ አላየሁትም።

አንድ የበግ ጠጉር ባና ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል። ጋቢው አልበቃኝም።

ለእነ ጋሽ ገሠሠ ቤት በሙሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

አክባሪዎ አብርሃም


ሐምሌ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.
ግሼ

ለልጄ ለአብርሃም። የአባቶችህ አምላክ በሄድክበት ይቅደምህ፤ በተኛህበት ይጠብቅህ። እኛ ደኅና ነን። የበልጉን ገብስ አጭደናል፤ ዝናቡ ግን ሳንወቃው ደረሰብን። የጓሳው ሣር ዘንድሮም ለማጨድ ስላልተከፈተ የቤቴን ክዳን ሳላድስ ክረምቱ ገባ። ውኃው የሚወርደው መጻሕፍቱ ባሉበት ወገን አይደለምና አመሰግናለሁ።

ባናውን ለአስካለ ማርያም ሰጥቻታለሁ። ለንግድ ደሴ ትወርዳለች፤ ከዚያ በጎንደር አውቶቡስ ትልከዋለች። ይህ ደብዳቤም ከባናው ጋር ታስሮ ነው የሚመጣው። ባና ግን ለምን እንደፈለግህ አልገባኝም። እኔ ጎንደር ሰባት ክረምት ያሳለፍኩት በአንድ ቁራጭ ሸማ ነው። ጎንደር ከግሼ ይሞቃል።

ሰላምታህን ለገሠሠ አድርሻለሁ። ተቀብሎታል። ቆይቶ ደግሞ "ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አጠገቡ እያለ ጎንደር ምን ወሰደው?" አለኝ። የደረሰው ምደባ ነው አልኩት። እንደምታውቀው፣ በዳግማይ ትንሣኤ ልጁን የምሥራችን ለአንተ ሲያጭ ያየው አንተን አልነበረም። አባት የለህም፤ የአጎት ልጅም የለህም። አያትህና አባቴ የአጎት ልጆች ስለነበሩ ብቻ ሽማግሌ ሆኜ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ዋስ ሆኜ የቆምኩትም እኔ ነኝ። የአገሩን ደንብ ታውቀዋለህ። ዋሱ በሽማግሌ ፊት ቆሞ ዋስትናውን እስኪያወርድ ድረስ ልጅቱን ሌላ ሰው አይጠይቃትም። ሠርጉ በጥር ነው። እስከዚያ አንገቴ ያለው በአንተ እጅ ነው።

ስለ ሥላሴ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሐምሌ ሰባት ነው ያልከው። ስለዚህ ጉዳይ ለጊዜው ምንም አልልም።

ይልቅ ስለ ፋሲል ግቢ ጻፍልኝ። አሥራ ሁለት በር አለው። አንተ በየትኛው ገባህ? ተዝካሮ በር ተከፍቷል ወይስ ተዘግቷል? ቋሊ በር ላይ ጠባቂ አለ? ካለ ስንት ናቸው? እምቢልታ በር ላይ ቆመህ ወደ ውስጥ ስታይ መጀመሪያ ዓይንህ የሚያርፈው በምን ላይ ነው? እኛ ተማሪ ሳለን ከግንቡ አንድ ወገን የፈረሰ ቦታ ነበር፤ ጠባቂ ሳያየን በዚያ ነበር የምንገባው። ዛሬም አለ ወይስ ተደፍኗል? ሁሉንም በዝርዝር መልስልኝ። ቢቻል በሮቹ ያሉበትን በሥዕል አድርገህ ላክልኝ።

ወልደ ጻድቅ


ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጎንደር

ለመሪጌታ ወልደ ጻድቅ። ጾመ ፍልሰታን በጤና ያስፈጽምዎ።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ባናውም ደርሷል።

ስለ ግቢው በሮች የጠየቁኝን አልመልስም። ወደፊትም ስለ በርና ስለ ጠባቂ እንዳይጽፉልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ሥዕልም አልሥልም።

ስለ ፋሲል መዋኛ እጽፋለሁ። መዋኛው ውኃ የለበትም። ውኃ የሚሞላው ለጥምቀት በዓል ነው። መካከሉ ላይ ሕንጻ አለ። በዙሪያው ባለው ግንብ ላይ የዛፎች ሥር ወርዶ ድንጋዩን ይዞታል። ሕንጻው የአገር ቅርስ ነው። ሁላችንም ልንጠብቀው ይገባል።

ከቀበሌያችን ማንነቴን የሚገልጽ፣ ፎቶግራፌ የተለጠፈበትና ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ያስፈልገኛል። ፎቶግራፉን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ለምን እንደሆነ አይጠይቁኝ። በቶሎ ያስፈልገኛል።

እንዲሁም በሚቀጥለው ደብዳቤዎ፣ እርስዎ የቅኔ መምህርና ገበሬ መሆንዎን፣ ከዚህ ሌላ ሥራ እንደሌለዎት፣ ዕድሜዎንም ጨምረው ቢገልጹልኝ ጥሩ ነው።

አብርሃም


ነሐሴ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.
ግሼ

ለመምህር አብርሃም። ሰላም ለአንተ ይሁን። ምርቃቱን ለጊዜው አቆይቼዋለሁ።

ጾሙ እስኪወጣ ጠበቅሁ። በጾም ሰውን መክሰስ ስላልፈለግሁ ነው። አሁን እናገራለሁ።

ሐምሌ ሰባት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄድኩ፣ ሰው አልነበረም ብለሃል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጥርና በሐምሌ፣ ሥላሴ ሲነግሥ ጎንደር ቤት ውስጥ የሚቀር በሽተኛ ብቻ ነው። ከዋዜማው ጀምሮ በቅጥሩ በር መግባት ጭንቅ ነው። ሰባቱንም ዓመት ቅዳሴ የሰማሁት ከውጭ ከዛፉ ሥር ሆኜ ነው፤ አንድ ዓመት የወደቀ መቋሚያዬን ለማንሣት ጎንበስ ብዬ ሰው ረግጦኝ ሁለት ጥርሴን ያጣሁት በዚያ ቀን ነው። አንተ በዚያው ቀን፣ በረፋድ፣ ብቻህን ገብተህ ጣሪያ ቆጠርክ። ጣሪያው በየሱቁ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ ላይ አለ። እዚህ ራቤል ያለው ሻይ ቤትም አለው። እኔም ሄጄ ቆጠርኩት፤ ስልሳ ላይ አልጠፋብኝም።

ስለ መዋኛው የጻፍከውን የአራተኛ ክፍል ልጅ ይጽፈዋል።

ስለ በሮቹ ጠየቅሁህ። የጠየቅሁህ ልፈትንህ ነው፤ አልደብቅም። ግቢውን ያየ ሰው ለአንዱ እንኳ መልስ አያጣም። አንተ ግን ዳግመኛ አትጠይቀኝ አልከኝ።

ወረቀቱን ይዤ የቀበሌው ጸሐፊ ማሙሽ ዘንድ ሄድኩ። ፎቶግራፉን እያገላበጠ "መሪጌታ፣ ይህ ደብዳቤ የሚፈለገው ለፓስፖርት ነው። በዚህ ዓመት አሥራ አንድ ጽፌያለሁ፤ አሥሩ ሳዑዲ ናቸው" አለኝ። አሥራ አንደኛውስ ስለው "እሱ ታሞ ቀረ" አለ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የመጨረሻው ነው። ዕድሜዬንና ሥራዬን ጻፍልኝ ያልከው። የሰው ወገን የሚጠየቀው መቼ እንደሆነ አውቃለሁ። ሽማግሌ ሆኜ የገባሁባቸው ቤቶች ከሠላሳ ይበልጣሉ፤ የሴቷ ወገኖች በመጀመሪያ የሚጠይቁት የልጁን ዘመድ ሥራና ዕድሜ ነው። እዚያ ሌላ ቤት ሽማግሌ ልከሃል ማለት ነው። ባናውንም ባዶ እጅህን ላለመግባት ይሆናል የፈለግኸው።

ይህን ሁሉ ለገሠሠ ነገርኩት። ከእኔ ቀድሞ ከሌላ ሰው ቢሰማው ነውሩ የኔ ይሆን ነበርና። ሚስቱ ጌታነሽም ልጅቱም ነበሩ። ገሠሠ እስክጨርስ ሰምቶ "ልጄን ለደብዳቤ ነው እንዴ ያጨኋት? ሰው ከሆነ ይምጣ" አለ። የምሥራች ከምድጃው ዘንድ ሆና እኔን ሳታየኝ፦

"ሰው ሳይኖር ቀርቶ ቢሆንስ?" አለች።

እናቷ ዝም በይ አለቻት። እኔም የሐምሌ ሥላሴን የማታውቅ ልጅ ናት ብዬ አለፍኩት።

ፍሬአብ የሚባለው የዓለም ከተማው ነጋዴ በዚህ ወር ሁለት ጊዜ አይሱዙውን ይዞ መጥቷል። በግ ሊገዛ ነው ይባላል። አንድም በግ ሲገዛ አላየሁም።

ወረቀቱን አስጽፌ አስቀምጬዋለሁ፤ ማኅተም ግን አላስደረግሁበትም። የጠየቅሁህን ስትመልስ ይታተማል። እስከ መስቀል ካልመለስክ ዋስትናዬን አወርዳለሁ።

ወልደ ጻድቅ


መስከረም 24 ቀን 2018 ዓ.ም.
ግሼ

ለመምህር አብርሃም።

መስቀል አለፈ። መልስ የለም።

ትምህርት ቤቱ ተከፍቷል። ርዕሰ መምህሯ ወይዘሮ ሲና፣ ሌላ ቦታ ለክረምት ትምህርት የሄዱት ሁለቱ መምህራን በጊዜያቸው እንደተመለሱ ነገረችኝ። አንተን "ምናልባት ታሞ ይሆናል" አለች። ዓይኗን አየሁት፤ እሷም አላመነችውም። ክፍልህን ለሌላ ሰው ሰጥታለች።

ፍሬአብ አሁን በግልጽ ሽማግሌ ልኳል። ገሠሠ የአገሩን ደንብ አክብሮ፣ ዋሱ ሳያወርድ አልቀበልም ብሎ መልሷቸዋል። ከዚያ እኔ ዘንድ መጣ። ጥቅምት 23 ቀን፣ በጊዮርጊስ፣ በእሱ ቤት በሽማግሌዎች ፊት ላወርድ ተስማምቻለሁ። በዚያው ቀን የፍሬአብ ውል ይጻፋል።

ይህን የምጽፍልህ ሳላሳውቅህ አደረገው እንዳትል ነው።

ወልደ ጻድቅ


ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.
ጎንደር

ይህ ደብዳቤ በአውቶቡስ አይመጣም። ይሥሐቅ የሚባል የቅኔ ተማሪ ዘመዶቹን ሊጠይቅ ወደ ሸዋ ሲመጣ በእጁ ያደርስልዎታል። የታመነ እጅ እስካገኝ ነው መስቀል ያለፈብኝ። መሪጌታ፣ እርስዎ ምርቃቱን ቢያቆዩብኝም እኔ ለዕድሜዎ መለመኔን አልተውኩም።

ሁሉንም በየተራው እጽፋለሁ።

ሐምሌ ሰባት ቀን ሥላሴ ሰው አልነበረም። ከተማው ከዋዜማው ጀምሮ ተዘግቶ ነበር። ለምን እንደተዘጋ በዚህኛውም ደብዳቤ አልጽፍም። ከቅጥሩ ውስጥ ያደሩ ጥቂት ካህናት ቀድሰው ደጀ ሰላሙ ውስጥ ቀሩ፤ ሕዝብ አልመጣም። ማደሪያችን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ስለሆነ በቀጭኑ መንገድ ሄድኩ። ዘበኛው "በዚህ ቀን ባዶውን አይቼው አላውቅም። ግባና ተሳልመህ ቶሎ ውጣ" አለኝ።

ይህን ልጽፍልዎ ፈልጌ ነበር፤ የሚጻፍ ግን አይደለም። ስለዚህ ቀኑን ጻፍኩና ሰው አልነበረም አልኩ። በመንገድ ላይ ደብዳቤውን የከፈተ ሁሉ ያልፈዋል፤ መሪጌታ ግን ሐምሌ ሰባትን ሲያይ ከተማው ምን እንደሆነ ይገባዋል ብዬ ነው። ከእርስዎ በቀር የሚያስተውለው ሰው ስለሌለ ነው የመረጥኩት። አስተውለውታል። ውሸታም ነህ ብለው ግን አስተዋሉት።

ባናውን የፈለግሁት ስሚንቶ ላይ ስለምንተኛ ነው። ለመንግሥት መምህር ይህን መጻፍ አሳፈረኝ።

አሁን ስለ በሮቹ። የሐምሌ 22ቱ ደብዳቤዎ እኔ እጅ ከመግባቱ በፊት ሌላ እጅ ገባ። መንገድ ላይ ባናው ሲፈተሽ ነው የተገኘው። ነሐሴ 4 ቀን ጠሩኝ። ደብዳቤዎ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ በየበሩ ስም ሥር በቀይ ተሰምሯል።

"ተዝካሮ ማነው?" አለኝ አንዱ።

"የበር ስም ነው።"

"ቋሊስ?"

"እሱም በር ነው።"

"ይህ መሪጌታ የምትለው ሰው ከሥሩ ስንት አለው?"

"ስድስት በግና አንድ ፈረስ አለው" አልኩት። አጠገቡ የተቀመጠው ሳቀ፤ እሱ አልሳቀም።

"ታዲያ ባለ ስድስት በግ ሰው፣ ጠባቂ ስንት እንደሆነና ግንቡ የፈረሰበትን ቦታ ምን ያደርግለታል? ሥዕሉንስ?"

እንደኛ አገር ሽማግሌ አማች የሚፈትን መስሎት ነው ብል ያምነኝ ነበር? እኔ ራሴ ያወቅሁት በነሐሴው ደብዳቤዎ ነው።

አሥራ ዘጠኝ ቀን ያዙኝ። አልመቱኝም። የነሐሴ 12ቱን ደብዳቤ የጻፍኩት ሰው አጠገቤ ቆሞ እያየ ነው፤ ስለ እርስዎ ሥራና ዕድሜ የጠየቁት እነሱ እንጂ የማንም ሴት ዘመድ አይደለም። ለትምህርቱ ከታዘዝነው ስድስት ሕንጻ ያየሁት ሁለቱን ብቻ ነው። ሦስተኛው የያዙኝ ቤት ነው ማለት እችላለሁ፤ በጣሊያን ጊዜ የተሠራ ነው፤ ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ከፍ ያለ። አራት ገጽ ይወጣዋል።

ሲለቁኝ መታወቂያዬ እዚያው ቀረ። ከትውልድ ቀበሌህ ማስረጃ ስታመጣ ትወስዳለህ አሉኝ። ያለ መታወቂያ ደግሞ የመጀመሪያውን ኬላ አላልፍም። አንድ የክፍል ጓደኛዬ ቤት ተቀምጫለሁ፤ ለልጆቹ ሒሳብ አስጠናለሁ። ስለዚህ መሪጌታ፣ እኔን እዚህ ያስቀመጠኝ እርስዎ ዘንድ ያለው ማኅተም የሌለው ወረቀት ነው።

አሁን እኔ ልጠይቅ። ያን ሁሉ ስለ በር የጻፉት ከራስዎ ነው? ወይስ አጠገብዎ ተቀምጦ ይህን ጨምርበት ያለዎት ሰው ነበር? የፍሬአብ አይሱዙ ጋሽ ገሠሠ ደጅ መቆም የጀመረው እኔ ሳልሄድ፣ በሰኔ ነው። በሰኔም በግ ሲገዛ አላየሁም። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሳስብ የነበረው ይህን ነው፤ አሁንም አልተውኩትም። ሥዕል ላክልኝ የሚለው ቃል የእርስዎ አይመስለኝም።

ዋስትናዎን ማውረድ ከፈለጉ የእርስዎ ነው። ከዚያ በፊት ግን የምሥራችን ራሷን ይጠይቁልኝ። እስካሁን የጠየቃት ያለ አይመስለኝም።

አብርሃም


ጥቅምት 23 ቀን 2018 ዓ.ም.
ግሼ፣ በገሠሠ ቤት

ለአብርሃም። ደብዳቤህ ከደረሰኝ አራት ቀን ሆነው። ይህን የምጽፈው ገሠሠ ጓዳ ከገብሱ ጎተራ አጠገብ ተቀምጬ ነው። ሽማግሌዎቹ ሳሎን ናቸው። የፍሬአብ አጎት ስላልደረሰ ሁሉም ጠላ ይዞ ይጠብቃል። እኔ የማወርድበትን ቃል ላሰናዳ ብዬ ገለል አልኩ።

ለጥያቄህ መልስ። ሁሉንም የጻፍኩት ከራሴ ነው። ሥዕሉንም። ገሠሠ አላስጻፈኝም፤ ፍሬአብንም ቀርቤ አነጋግሬው አላውቅም። ይህን ባታምነኝ አልፈርድብህም፤ እኔም አንተን አላመንኩህምና።

እውነቱን ልንገርህ፤ አሁንም ሙሉ በሙሉ አላመንኩህም። ይሥሐቅን ሐምሌ ሰባት ጎንደር ምን ሆና ነበር ብዬ ጠየቅሁት። "በዚያ ሰሞን ጎርጎራ ነበርኩ" አለኝ። ጎርጎራ መሆኑን ወይስ መናገር አለመፈለጉን አላወቅሁም። ተማሪው ምግቡን በልቶ ሲጨርስ ደግሜ ጠየቅሁት፤ "መሪጌታ፣ ነገርኩዎ እኮ፣ ጎርጎራ ነበርኩ" አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ያለው። ቤቱ ውስጥ ከእኔና ከእሱ ሌላ ሰው አልነበረም። ዝቅ ያደረገው ለማን ነው? አራት ቀን ሙሉ ይህን ሳወጣና ሳወርድ ሰነበትኩ።

ዛሬ ገና በጠዋቱ፣ ሰው ሳይሰበሰብ፣ ማሙሽን ቤቱ ሄጄ አገኘሁት። የቢሮው ቁልፍ ከተሰበረ ወዲህ ማኅተሙን በኪሱ ነው ይዞ የሚዞረው። ያንተን ወረቀት አውጥቼ አትምልኝ አልኩት። "ዋስትናውን የሚያወርዱለትን ሰው? ለምን?" አለኝ። ሳዑዲ ከሄደ ለሁላችንም ይቀለናል አልኩት። ሳቀና አተመው። ይህን በማለቴ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን አልገባሁም፤ ከውጭ ተሳልሜ ተመለስኩ። ወረቀቱ ፎቶግራፍህ ተለጥፎበት ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው።

ስለዚህ ወረቀቱን ልኬልህ፣ ዋስትናውን ደግሞ ላወርድ ነበር የመጣሁት። ለሁለቱም ወገን የሚገባውን አደርጋለሁ ብዬ ነው። ገሠሠ ቃሉን ጠብቋል። ስድስት ወር በአንተ ተጫውተንበታል። ልጁ እንዳትቀርበት ይፈራል፤ አባት ነው።

የማወርድበት ቃል ግን ቀላል አይደለም። "ዋሽቶኛል፤ ቃሉን አፍርሷል፤ ስለዚህ ከአንገቴ አወረድኩት" ተብሎ በወንጌል ላይ እጅ ተጭኖ ነው። ሌላ አነጋገር የለውም። ወረቀት ላይ ጻፍኩትና ሦስት ጊዜ አነበብኩት። "ዋሽቶኛል" የሚለው ላይ ስደርስ ሐምሌ ሰባት ይመጣብኛል። ዋሽተህ ይሆናል። ላትዋሽም ትችላለህ። እኔ የማላውቀውን ነገር አውቃለሁ ብዬ ወንጌል ልይዝ ነው ማለት ነው። "ይመስለኛል" ብዬ ላውርደው ብል ሽማግሌዎቹ አይቀበሉኝም፤ ፍሬአብም በይመስለኛል የተፈታች ልጅ አይወስድም።

እዚህ ላይ ሳለሁ የምሥራች ገብስ ልትወስድ ገባች። ሰፌዱን ይዛ ከጎተራው ፊት ቆመች። ካወቅኋት ጀምሮ ስለ ራሷ አንድ ነገር ጠይቄያት አላውቅም። አንተ ባትጽፈው ዛሬም አልጠይቃትም ነበር።

"ትጠብቂዋለሽ?" አልኳት።

ገብሱን መዝገኗን አላቆመችም።

"ዛሬ ምን ታየዎት?" አለች። "በዳግማይ ትንሣኤ አልጠየቁኝም። በነሐሴም እዚህ ተቀምጠው ሁሉን ሲናገሩ አልጠየቁኝም።"

አሁን ጠየቅሁሽ አልኳት። ሰፌዱ ሞልቶ ይፈስሳል፤ እሷ ግን ትጨምርበታለች።

"አዎ ብል ተነሥተው ይወጣሉ?"

ሰፌዱን አንሥታ ወጣች። የፈሰሰውን ገብስ ዶሮ ገብታ ትለቅማለች፤ ማንም አላባረራትም።

የፍሬአብ አጎት ደርሷል። የአይሱዙው ድምፅ ተሰምቷል። ማሙሽ "ለውሉ ሰፋ ያለ ወረቀት ስጡኝ" እያለ ነው። ገሠሠ ስሜን ጠራ። መጣሁ አልኩት።

ቀሪውን ቆሜ ነው የምጽፈው፤ ከግቢው ውጭ ካቡን ተደግፌ። በጓዳው በር ወጣሁ። ወንጌሉ መካከል ላይ በወንበር ተቀምጧል፤ ሽማግሌዎቹ በዙሪያው ቆመዋል፤ ሳልፍ በስንጥቁ አየኋቸው። የጻፍኩትን ቃል ጎተራው ላይ ትቼዋለሁ፤ ከእኔ በቀር አንብቦ ዋስትናውን የሚያወርድ የለም። ገሠሠ "መሪጌታ ወዴት ነው?" ሲል፣ ጌታነሽ "ሽንት ቢጠይቃቸው ነው፤ ይመለሳሉ" ስትል ሰማሁ። ይሥሐቅ ከታች መንገዱ ላይ ከረጢቱን አንግቶ ቆሟል፤ ራቤል አድሮ ነገ ወደ ጎንደር ይመለሳል። ወረቀቱንና ይህን ደብዳቤ ለእሱ ልሰጥ እየወረድኩ ነው። ገሠሠ አሁንም ይጠራኛል፤ ማሙሽም ጨምሮበታል። ቁልቁለቱ ያዳልጣል፤ ከዚህ በላይ እየሄዱ መጻፍ አይቻልም።